ረቡዕና ዓርብን ያልረሳ ጠዋት

ሰላም ወዳጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ወሬው ስለ ጠዋት ነው፤ ስለ ስፖርትና ስለ ቁርስ።

ስልካችን ላይ የሚመጣው የጠዋት ምክር አብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሩጡ፣ ቁርሳችሁን ብሉ፣ ነገም ይህንኑ ድገሙ። እኔ የማልስማማው መጨረሻው ላይ ነው። እኛ ጋ ሳምንቱ ሁለት ዓይነት ቀን አለው፤ ፍስክና ጾም። ማክሰኞ ጥሩ የሄደ ፕሮግራም ረቡዕ ይፈርሳል። ሐሙስ ላይ ሰውየው "በቃ ተበላሽቷል" ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል። ከዚያ ሰነፍ ነኝ ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ስንፍና አይመስለኝም። ፕሮግራሙ ሲወጣ የእሱን ሳምንት ማንም አላሰበውም።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሩጫ ግዴታ አይደለም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከሳምንቱ ረቡዕና ዓርብን አውጡ፤ አምስት ቀን ይቀራል። በቀን 30 ደቂቃ ከተራመዳችሁ 150 ሞላ! ይኸው ድርጅት ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን አድርጉ ይላል። እሱን ለረቡዕና ለዓርብ ሰጠሁት። ከቤት ሳልወጣ፣ አልጋዬ አጠገብ፣ ቁጭ ብድግ እና ፑሽ አፕ፤ ላብ ሳያጠምቀኝ አቆማለሁ። እስከ 6 ሰዓት ወይም እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ ሳትቀምሱ የምትውሉ ከሆነ ጠዋት ሩጫው ይቅርባችሁ። አንዳንዱ "ስግደቱስ ስፖርት አይደል?" ይለኛል። እሱን እዚህ ውስጥ አላስገባውም፤ የሚደረገው ለሌላ ነገር ነው።

አንድ ሙስሊም ጓደኛዬ ይህን ሳወራ ይስቅብኛል። እሱ ለፈጅር ሰላት ስለሚነሣ የመነሣት ጣጣ የለበትም። ሰግዶ ተመልሶ ከመተኛት ይልቅ ጫማውን ማሰር ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ረመዳን ሲገባ ደግሞ እርምጃውን ወደ ማታ፣ ከኢፍጣር በኋላ ያዞረዋል። ብልህ ነው።

የእኔ መንገድ አጭር ነው፤ ከለገሃር ተነሥቼ በስታዲየም በኩል መስቀል አደባባይ። ለብርሃኑ አልጨነቅም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለች። ችግሩ ብርዱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጆሮን የሚቆነጥጥ ብርድ አለ፤ ኮፍያ ያስፈልጋል።

አደባባዩን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ደረጃውን ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ፣ አንድ እርከን ወጥተው እንደገና ወደ ኋላ የሚመለሱ ወጣቶች አሉ። ወዲህ ደግሞ በስፒከር ሙዚቃ ኤሮቢክስ የሚያሠራ አሰልጣኝ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ እንዳታቆሙ!" ይላል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል፣ ከእስጢፋኖስ ኪዳን አድርሰው የወጡ እናት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቀስ እያሉ ሲወጡ ደረሱብኝ።

"ልጄ፣ ማን እያባረረህ ነው?"

"ማንም፣ እማማ። ስፖርት እየሠራሁ ነው።"

"እኔም እየሠራሁ ነው። ግን እያወራሁ።"

ሄዱ፤ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ለካ ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። መካከለኛ እንቅስቃሴ ማለት ማውራት የምትችሉበት፣ መዝፈን ግን የማትችሉበት ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው ያለችው። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ የሩጫ አፑ "ዘገየህ" ሲላችሁ አትስሙት።

አሁን ቁርስ። ስወደው! ሐቁን ልንገራችሁ፣ ጠዋት ከአልጋ የሚያወርደኝ ጤና አይደለም፣ ፉል ነው። ሠፈሬ ያለችው ቤት ፉሉ በብረት ሳህን እየተንተከተከ ይመጣል። መሐሉ ላይ በደቃቁ የተከተፈ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ፣ ዳሩ ላይ ዘይት፣ ጎኑ ትኩስ ዳቦ። ዳቦውን ከዳር ጀምራችሁ ታጠቅሳላችሁ፣ መሐሉ እስኪበርድ። ስፔሻል ካላችሁ እንቁላልና ቅቤ ይጨመርበታል። እንቁላሉና ቅቤው ሲቀር ያው ፉል የጾም ይሆናል፤ ለዚህ ነው ረቡዕ ከ6 ሰዓት በኋላ እዚያው ቤት የምታገኙኝ። ባቄላ ፕሮቲን አለው፣ ቶሎ አያስርብም። ጨጨብሳ በቅቤና በማር የእሑድ ነው፤ እሱን በልቶ ቢሮ መግባት እንቅልፍ መጥራት ነው። ለቸኮለ ሰው ደግሞ በሶ አለ። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ ውኃ፣ ትንሽ ማር፤ በጥብጦ መጠጣት ነው። አትሌቶቻችንም ይጠጡታል። ይህ እያለን የውጭ ፓውደር በውድ ዋጋ መግዛት አይገባኝም።

"አንተ መሐል ከተማ ነህ፣ እኛ ከቱሉ ዲምቱ በ12 ሰዓት ሰልፍ ላይ ነን" የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። ለእናንተ 11 ሰዓት ተነሥታችሁ ሩጡ ማለት ግፍ ነው፤ እንቅልፍም ጤና ነው። ታክሲውን ግን ከመሥሪያ ቤት አንድ ሁለት ፌርማታ ቀድማችሁ "ወራጅ አለ" በሉት። ቀሪውን በእግር፣ ፈጠን ብላችሁ። ማታም እንዲሁ። በሶውን ከቤት በጠርሙስ ይዛችሁ ውጡ፣ ቢሮ ስትደርሱ ጠጡት።

የእናንተ ጠዋት እንዴት ነው? ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማለሁ። በተለይ ሌሊት ተረኛ የሆናችሁ ነርሶችና ጥበቃዎች፣ ቁርሳችሁን በስንት ሰዓት ነው የምትበሉት? ቸር ሰንብቱ።