አራት ጠብታ በደቂቃ፦ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል (ኤን አይ ሲ ዩ) የመጀመሪያ ሥራ ለማግኘት

[ምስል፦ ቡሬት፣ ማለትም ፈሳሽ ለክቶ በጠብታ የሚያወርድ ዕቃ፣ በቅርብ። ድምፅ የለም። አንድ ጠብታ ይወርዳል። 15 ሰከንድ ዝም። ሌላ ጠብታ።]

ቪዲዮው አልቆመባችሁም፣ ኔትወርኩም አልተቋረጠም። ጠብታው ነው እንዲህ የሚዘገየው። በየ15 ሰከንዱ አንድ፣ በደቂቃ አራት። ዛሬ ለተወለደ፣ 1,200 ግራም ለሚመዝን ልጅ የሚሰጥ ፈሳሽ ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ከ1,500 ግራም በታች ለሆነ ጨቅላ በመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በኪሎ 80 ሚሊ ሊትር ነው። 80 በ1.2 ሲባዛ 96 ሚሊ። ለ24 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 4 ሚሊ። ማይክሮ ድሪፕ (ጠብታን የሚያሳንስ ጫፍ) ያለው ቡሬት 1 ሚሊውን በ60 ጠብታ ስለሚያወርድ የሰዓቱ ሚሊና የደቂቃው ጠብታ አንድ ቁጥር ይሆናሉ። 4 ሚሊ በሰዓት፣ 4 ጠብታ በደቂቃ። ለአዋቂ በሚሰቀለው ተራ መስመር ግን 1 ሚሊ 20 ጠብታ ነው። በዚያ ከሄድን ልጁ በደቂቃ የሚደርሰው አንድ ጠብታ ከሲሶ ነው። እስቲ ሲሶ ጠብታ ቁጠሩ!

ይህን ያነሣሁት የመጀመሪያውን ሥራ ያሳጣኝ ይኸው ሒሳብ ስለሆነ ነው።

[ምስል፦ ተራኪዋ ወንበር ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ]

ተመርቄ፣ የብቃት ምዘናውን አልፌ፣ የሙያ ፈቃዴን ይዤ ቃለ መጠይቅ ቀረብኩ። የክፍሉ ኃላፊ «ለምን ኤን አይ ሲ ዩ መረጥሽ?» አለችኝ። «ሕፃን ስለምወድ» አልኩ። «ሕፃን የማይወድ ማን አለ?» አለችና ወረቀት ገፋ አደረገችልኝ። ያለው የአዋቂ መስመር ብቻ ቢሆን ይህን 1,200 ግራም ልጅ ምን ታደርጊዋለሽ ይላል። 4 ሚሊን በ20 አባዛሁ፣ ለ60 ማካፈሉን ረሳሁና በደቂቃ 80 ጠብታ ብዬ ጻፍኩ። የቀኑን ሙሉ ፈሳሽ በ24 ደቂቃ አንቆረቆርኩበት ማለት ነው። ደግነቱ ልጁ ወረቀት ላይ ነው። እሷ ትፈልግ የነበረው መልስ ደግሞ ቁጥርም አይደለም፤ «በዚህ አልሰቅልለትም፣ ቡሬት ወይም ሲሪንጅ ፓምፕ ይፈለግልኝ» የሚል ነበር። ሲሪንጅ ፓምፕ ፈሳሹን ቀስ እያለ በልክ የሚገፋ መሣሪያ ነው።

አላለፍኩም። ሌላ ሆስፒታል የአዋቂዎች ዋርድ ገብቼ ስምንት ወር ሠራሁ።

[ምስል፦ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የተደራረበ ወረቀት]

እዚህ ላይ ብዙ ተመራቂ የሚሳሳተው ነገር አለ። እኛ አገር፣ በተለይ በመንግሥት ሆስፒታል፣ ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ «ነርስ» ብሎ ያልፋል። ተወዳድራችሁ ትቀጠራላችሁ፣ ከዚያ በየዋርዱ የሚመድበው ማትሮን (የነርሶች ኃላፊ) ነው። ማለትም ፈተናው ሁለት ነው፣ እናንተ ግን የምታጠኑት ለአንዱ ብቻ ነው። ምደባው ሳይወጣ ቢሮ ሄዳችሁ ፍላጎታችሁን ተናገሩ፣ በጽሑፍም አስገቡ። «የትም ብመደብ ደስ ይለኛል» የሚል ይሉኝታ የትም ያስመድባል።

ገና ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ ዕድሉ እጃችሁ ላይ ነው። ለልምምድ ኤን አይ ሲ ዩ ስትላኩ ፊርማ ፈርሞ ካፌ የሚወርድና የ9 ሰዓቱን መመገቢያ ጠብቆ «እኔ ልያዘው?» የሚል ተማሪ በአንድ ዓይን አይታዩም። ኃላፊዋ ሁለቱንም ታስታውሳለች።

ሥልጠና ካገኛችሁ ውሰዱ። በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ ያልተነፈሰ ልጅን በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚያስገባ ከረጢት) ማስተንፈስን ያስተምራል፤ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይሏታል። ሰርተፍኬቱ ሲቪ ላይ ያምራል። እኔ ግን የመለማመጃ አሻንጉሊቷ ላይ ደጋግሞ የሠራ እጅ ይሻለኛል።

[ምስል፦ የክፍሉ በር ሲከፈት፣ የማሞቂያዎች ብርቱካናማ ብርሃን]

ክፍሉ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ወበቁ ነው። ጋዋኑ ጀርባችሁ ላይ ይለጠፋል። መስኮት ልክፈት እንዳትሉ። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ እንደ እኛ ተንቀጥቅጦ መሞቅ አይችልም። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 መሆን አለበት። ከዚያ ሲወርድ ሰውነቱ ራሱን ለማሞቅ ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ያነዳል። ስኳሩ ያልቃል፣ ልጁ ይዝላል፣ መጥባት ይተዋል፣ ቀጥሎ ትንፋሹ ይቆማል። ቅዝቃዜ፣ ስኳር፣ ትንፋሽ፦ ሦስቱ አንድ ገመድ ናቸው። «ልጁ ደክሟል፣ አልጠባም አለ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ስትባሉ ዘላችሁ አንቲባዮቲክ አትጥሩ። አተነፋፈሱን እዩ፣ ቴርሞሜትሩን አንሡ፣ ግሉኮሜትሩን (የደም ስኳር መለኪያውን) አምጡ። ሐኪም ስትጠሩ ሦስቱን ቁጥር ይዛችሁ ጥሩ።

ማሞቂያ ሲያጥር ደግሞ የእናት ደረት አለ። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ልጁን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ መያዝ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረው ኢንኩቤተር ስላልበቃ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተሠራ ጥናት ግን ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ከተወለደ ጀምሮ ደረት ላይ ማድረግ ሞትን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳየ። በዓመቱ የዓለም ጤና ድርጅት ምክሩን በዚያው መንገድ አወጣ። ስለዚህ ካንጋሮን የድሃ መላ አድርጋችሁ አታውሩ።

ኦክስጅንንም እንደ ውኃ አትክፈቱት። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ኦክስጅን ስንሰጥ በደሙ ያለውን የኦክስጅን ንባብ ከ90 እስከ 95 በመቶ መካከል ነው የምንይዘው። 100 ሲል ደስ የሚለው ጀማሪ ነው፤ ትርፉ የዓይንን የደም ሥሮች ይጎዳል። በ1950 እ.ኤ.አ. ስድስት ሳምንት ቀድሞ የተወለደው አሜሪካዊው ድምፃዊ ስቲቪ ወንደር ዓይኑን ያጣው በዚህ ዓይነት ጉዳት ነው።

[ምስል፦ የእጅ መታወቂያ፣ ጽሑፉ «የአልማዝ ልጅ»]

እዚህ የሚተኙ ልጆች ብዙዎቹ ገና ስም የላቸውም። ካርዳቸው የእናታቸውን ስም ይዞ «የአልማዝ ልጅ» ይላል። በአንድ ሌሊት ሁለት አልማዝ ከወለዱ፣ አንዷም መንታ ከወለደች፣ ሦስት «የአልማዝ ልጅ» አጠገብ ለአጠገብ ይተኛል። መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት የካርድ ቁጥሩን አንብቡ፤ በስም ብቻ የሠራ አንድ ቀን ይሳሳታል።

እናቶቹ ደግሞ በር ላይ ናቸው። በኦፕራሲዮን የወለደችው ግድግዳ እየያዘች ትመጣለች። ሌላዋ አራስ ገንፎ ተገንፍቶላት፣ እልል ተብሎላት ቤቷ ገብታለች። ይቺን ግን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያላት ሰው የለም፤ ዘመዶቿ ይበሉ ወይስ ይተዉ ግራ ገብቷቸዋል። «ሲስተርዬ፣ ልጄ በላ?» ትላችኋለች። የበላው በቱቦ የገባ 2 ሚሊ ወተት ነው። «ያለብሽው ወተት ገባለት፣ አልመለሰውም» በሏት። እንዲህ ሲባል ፊቷ እንዴት እንደሚፈታ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

የሚሞትም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ መዝግቧል። ከእነሱ ውስጥ የተወሰኑት በተራችሁ፣ በእጃችሁ ላይ ናቸው። ጠያቂዎች ይህን የሚያነሡት ሊያስፈራሩ አይደለም፤ ያኔ ምን እንደምታደርጉ ማወቅ ስለሚፈልጉ ነው። «እጠነክራለሁ» የሚል መልስ አይረዳቸውም። ለማን ትነግራላችሁ፣ እናቲቱን የት ታስቀምጣላችሁ፣ ልጇን ማቀፍ ብትፈልግ ትሰጧታላችሁ? ይህን አስባችሁ ግቡ።

[ምስል፦ እንደገና ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ]

ከስምንት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ለኤን አይ ሲ ዩ ተጠየቅኩ። ሒሳብ በቃሌ ይዤ ነበር የሄድኩት፣ ሒሳብ ግን አልጠየቁኝም። ኃላፊዋ በቀጥታ ክፍሉ ውስጥ ይዛኝ ገባችና አንድ ማሞቂያ ፊት አቆመችኝ። «ምን ይታይሻል?» አለችኝ።

ቶሎ አልመለስኩም። አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ 72። ከ60 ማለፍ አልነበረበትም። የደረቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እግሩን ልነካ እጄን ዘረጋሁና ሳልታጠብ መሆኑ ትዝ ሲለኝ መለስኩት። «እጄን ልታጠብና ሙቀቱን ልለካው?» አልኳት።

«ሰኞ 2 ሰዓት ነይ» አለችኝ። «ቀለበትሽን ቤት ትተሽው ነይ።»