መጀመሪያ ጀርባውን

የተከበራችሁ የአሮጌ ሸክላ ወዳጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አገር ቤት ጀበና የሚገዛ ሰው ሳያንኳኳ አይገዛም። ድምፁ ከጠራ ይወስደዋል፣ ከታፈነ ይተወዋል። ዛሬ በምንነጋገርባቸው የስታንግል ፋብሪካ የናሙናና የሙከራ ሰሃኖችም ማንኳኳቱ አይቅር፤ ከዚያ በፊት ግን ሰሃኑን ገልብጡት። ሰሃኑ ሙከራ መሆኑን የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ጀርባው ነው፤ ገዢዎች አጥበው የሚያጠፉትም ይህንኑ ነው።

ስታንግል በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ትሬንተን ከተማ ይሠራ የነበረ ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ተዘግቷል። ሰብሳቢዎች በብዛት የሚፈልጉት እ.ኤ.አ. ከ1942 ወዲህ በቀይ ሸክላ የተሠራውን የገበታ ዕቃ ነው። አሠራሩን ካላወቃችሁ ናሙናውን ከሐሰተኛው አትለዩትም። ቀዩ ሰሃን ፊቱ ላይ ነጭ ጭቃ ይቀባል። ነጩ ጭቃ ሳይተኮስ የአበባው ወይም የፍሬው መስመር በእጅ በስለት ይፋቃል፤ ቀዩ አፈር ከሥር ብቅ ይላል። በመስመሮቹ መካከል በብሩሽ ቀለም ይገባል፣ በላዩ እንደ ብርጭቆ የሚያበራው ልባስ ይፈስና ይተኮሳል። ስለዚህ በእውነተኛው ሥራ ልባሱ በተፋቀው መስመር ውስጥ ገብቶ ተኝቷል፣ የመስመሩም ጠርዝ ለስላሳ ነው። ከተተኮሰ በኋላ የተፋቀ መስመር ጠርዙ ይሰባበራል፣ ውስጡም ደረቅ አፈር ነው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይህን ወዲያው ያሳያችኋል።

ይህን ሁሉ ሙከራ ምን አመጣው? ጥሬው ቀለም ከእሳት በኋላ የሚሆነውን አይመስልም። የኮባልት ኦክሳይድ ዱቄት ጥቁር ነው፤ ተተኩሶ ሲወጣ ሰማያዊ ይሆናል። የመዳብ ኦክሳይድም ጥቁር ሆኖ ገብቶ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። እንደ ኬይ ሃኬት ያለች የስታንግል ንድፍ አውጪ ያሰበችውን አረንጓዴ በዓይኗ ገምታ ልታገኘው አትችልም፤ ቀለም ቀላቅሎ፣ ሰሃን ላይ ቀብቶ፣ ቁጥር ጽፎ፣ ተኩሶ ማየት ግድ ነው። ጠርዙ ዙሪያ የብሩሽ ጭረት ተደርድሮ በየአጠገቡ ቁጥር ያለበት ሰሃን ብታገኙ የቀለም ሙከራ ነው። ለዓይን አያምርም፤ በእኛ ግምት ግን ከቆንጆው ሰሃን የበለጠ ይናገራል፤ ፋብሪካው ምን እንደሞከረ በቀጥታ ያሳያልና።

ሌሎቹ ዓይነቶች ይምታታሉ። ወደ ገበያ ያልወጣ ንድፍ የሞከረ ሰሃን አለ፣ ለነጋዴ ለማሳየት የተሠራ ናሙና አለ፣ ቀቢዎች እያዩ የሚቀዱት ሞዴል አለ። ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ለራሳቸው ወይም ለዘመድ የሠሩትም አለ። የኋለኛው ስም፣ የልደት ቀን ወይም የሠርግ ዓመት ይጻፍበታል። ውድ ሊሆን ይችላል፤ የፋብሪካው ሙከራ ብሎ መሸጥ ግን ስህተት ነው። ቀለሙ የፈሰሰበት ወይም አንድ ቅጠል የጎደለበት ተራ ሰሃንም እንከን ያለበት ዕቃ ነው እንጂ ሙከራ አይደለም። ሻጭ «ብቸኛ ነው» ካላችሁ ገበያ ላይ የወጣውን ያንኑ ንድፍ አጠገቡ አስቀምጡና ልዩነቱ ታስቦ የተደረገ መሆኑን መርምሩ።

አሁን ወደ ጀርባው። ከመተኮስ በፊት በእርሳስ የተጻፈ በእሳት ይጠፋል፤ ስለዚህ የእርሳስ ጽሑፍ ካያችሁ ሰሃኑ ከእቶን ከወጣ በኋላ የተጻፈ ነው። ይህ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የፋብሪካው ሰው ውጤቱን አይቶ ሊመዘግብ ይችላል። በልባሱ ሥር በቀለም የተጻፈ ቁጥር ግን በኋላ ሊጨመር አይችልም፤ ከሁሉም የታመነው ማስረጃ እሱ ነው። በጥፍራችሁ ዳሱት፤ ከሥር ያለው አይሰማም።

በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ውስጥ በሚገኘው ፈሳሽ) የተነከረ ጥጥ በኋላ የተቀባን ቀለም ያስለቅቃል፣ ከልባስ ሥር ያለውን አይነካም። ነገር ግን በጀርባው ያለውን የድሮ ማርከር ጽሑፍና የወረቀት ምልክት ማጣበቂያም ያጠፋል፤ ስለዚህ ፊት ላይ፣ በጠርዝ፣ በትንሹ ብቻ ሞክሩ። የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት የእጅ መብራት በጨለማ ብታበሩበት፣ የተጠገነ ስብራት ከቀሪው በተለየ ያበራል። የቢላና የሹካ ጭረትንም ተመልከቱ፤ በእውነተኛው ጭረቱ ከቀለሙ በላይ ያልፋል፣ በተጨመረው ቀለሙ ጭረቱን ሞልቶታል።

ቀይ ሸክላ ውኃ ይጠጣል። ልባሱ የተሰነጣጠቀ ሰሃን በበረኪና ከተዘፈዘፈ፣ ጨው ውስጡ ቀርቶ ሲደርቅ ልባሱን ያስፈነጥረዋል። ለእድፍ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሻላል፤ በጀርባው እርሳስ ወይም ወረቀት ካለ ግን አትዘፍዝፉ፣ ፊቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ግድግዳ ላይ ለመስቀል የሚለጠፈው ክብ ማጣበቂያ በትክክል ጽሑፉ ላይ ያርፋል፤ በማቆሚያ አቁሙት። እባካችሁ አትብሉበት፤ የድሮ ልባስ መርዛማ የሆነ የሊድ ማዕድን ሊኖረው ይችላል፣ የሙከራ ልባስ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ማወቂያ የለውም።

የገዛችሁ ቀን ፊቱንና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ ጀርባውን በጎን በኩል በሚወርድ መብራት ብታነሱት የተፋቀ ቁጥር ጎልቶ ይወጣል። በመዝገብ ላይ ስፋቱን፣ ማኅተሙን፣ ከማን እንደተገዛ ጻፉ። ቁጥሩን ደግሞ እንዳለ ገልብጡ፣ ነጥብና ሰረዝ ሳይቀር። ትርጉሙ ባይገባችሁም በግምት አትሙሉት፤ ያው ቁጥር በሌላ ሰብሳቢ ሰሃን ላይ ሲገኝ ሁለቱን አጣምሮ ማንበብ የሚቻለው ሳይነካ ከቆየ ነው።