መጀመሪያ ዓመቱን ቁጠሩ

ወደ ጄኔቫ ለሚሄዱ ቤተሰቦች፣ ለገሃር አካባቢ በተዘጋጀ የወላጆች ምሽት የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንዴት አመሻችሁ። በሥራ ቀን፣ በዚህ የመንገድ ጭንቅንቅ፣ ልጆቻችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ከብዙዎቻችሁ ጋር ቀደም ብለን በስልክ አውርተናል። የሁላችሁም የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ጄኔቫ ውስጥ ደህና ሰፈር የቱ ነው?» ሁለተኛውም ይታወቃል። «ትምህርት ቤትስ?» እኔም ስሄድ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ዋጋ አስከፍሎናል።

ጄኔቫ ውስጥ ቤትና ትምህርት ቤት አንድ ውሳኔ ናቸው። አንዱን ስትወስኑ ሌላውንም ወስናችኋል። ከሁለቱም በፊት ግን ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ልትመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ። ስንት ዓመት ልንቀመጥ ነው?

ለምን አንድ እንደሆኑ ላስረዳ። በጄኔቫ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው። ለውጭ አገር ሰው ልጅም እንዲሁ። ግዴታው በ4 ዓመት ይጀምርና 11 ዓመት ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ልጁ እስከ 18 ዓመቱ ትምህርት ወይም የሙያ ሥልጠና ላይ መሆን አለበት። ታዲያ ትምህርት ቤቱን የሚመርጠው ወላጅ አይደለም። ልጁ በመኖሪያ አድራሻው ይመደባል። እኛ እዚህ ሲኤምሲ ተቀምጠን ልጃችንን ሣር ቤት ድረስ በሰርቪስ እናስተምራለን። እዚያ ይህ አይሠራም። የተከራያችሁት ቤት የልጃችሁን ክፍልና ጓደኞች ይወስናል። ሰፈር ከቀየራችሁ ትምህርት ቤቱም ሊቀየር ይችላል።

የእኛን ልንገራችሁ። ስንሄድ ወንዱ ልጄ 13 ዓመቱ፣ ሴቷ 5 ዓመቷ ነበር። ጊዜያዊ ማረፊያችን ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። ተጨነቅን። መጀመሪያ እሺ ያለንን ቤት ያዝን። ቤቱ ከሐይቁ በግራ በኩል ነበር። የባለቤቴ መሥሪያ ቤትና ወንዱ ልጄን ያስገባንበት የግል ትምህርት ቤት በቀኝ በኩል ናቸው። ጄኔቫን ሐይቁና የሮን ወንዝ ለሁለት ይከፍሏታል። ሁለቱን ዳርቻ ከሚያገናኙት ዋነኛው የሞን ብላን ድልድይ ነው። ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ይጨናነቃል። የመስቀል አደባባይን ጠዋት የምታውቁ ይገባችኋል። ልጄ በየቀኑ ለመሄድና ለመመለስ ከሁለት ሰዓት በላይ ያጠፋ ነበር። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ወደ ቀኝ በኩል ቤት ቀየርን። ያኔ ደግሞ ሴቷ ተጎዳች። የለመደችውን መምህር፣ ፈረንሳይኛ ያስተማሯትን ጓደኞቿን ትታ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። ስድስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ማታ ማታ ስታለቅስ መስማት ቀላል አልነበረም።

የባሰው ግን የዓመቱ ጉዳይ ነበር። ባለቤቴ ሲሄድ ኮንትራቱ የሁለት ዓመት ነው። «ሁለት ዓመት ምን አላት» ብለን ወንዱን በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት አስገባን። ክፍያውን በአብዛኛው መሥሪያ ቤቱ ይደጉማል። ኮንትራቱ ታደሰ። እንደገና ታደሰ። በአምስተኛው ዓመት ድጎማው ቆመ። ልጄ የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይገባ ፈረንሳይኛው አይበቃውም። እዚህ ቤት እንሠራበታለን ብለን ያስቀመጥነውን ገንዘብ ለዚያ ዓመት ከፈልነው። አልቆጭበትም፤ ልጄ ነው። ግን አራት ዓመት የኖረበት ከተማ ውስጥ ከጎረቤቱ ልጅ ጋር ኳስ ለመጫወት እንኳ የቋንቋ ችግር ነበረበት። እሱ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ዕድሜውን ከዓመቱ ጋር አስተያዩ።

ልጃችሁ ከ10 ዓመት በታች ከሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገቡት ባይ ነኝ። አትፍሩ። ቋንቋውን ለማያውቁ ልጆች የመቀበያ ክፍል አለ። እነሱ ክላስ ዳከይ ይሉታል። ሴቷ ልጄ የመጀመሪያዎቹን ወራት ዝም ብላ አሳለፈች። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ሻጩን በፈረንሳይኛ ስታናግረው እኔ ደነገጥኩ።

ከ13 ዓመት በላይ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የምትቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ብቻ ከሆነ፣ የሚከፍልላችሁም ካለ፣ በጀመረው ቋንቋ ይቀጥል። ብዙ ዓመት ከሆነ ግን የመቀበያ ክፍሉን ምረጡ። አንድ ዓመት ሊያባክን ይችላል። ይባክን። ከአምስት ዓመት በኋላ አገሩን ያውቀዋል።

አስቸጋሪው መሃል ያለው ነው፤ ከ10 እስከ 12። በጄኔቫ የአንደኛ ደረጃ የሚያበቃው 12 ዓመት ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ሲክል ዶርያንታሲዮን ወደሚባለው የሁለተኛ ደረጃ መጀመሪያ ይሻገራሉ። ሲሻገሩ በፈረንሳይኛና በሒሳብ ውጤታቸው ተለይተው ይመደባሉ። በ11 ዓመቱ የደረሰ ልጅ በአንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ለዚያ ምደባ ይቀርባል ማለት ነው። ሒሳብ ጎበዝ የሆነ ልጅ በቋንቋው ምክንያት ዝቅ ብሎ ሊመደብ ይችላል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ማለፊያ መንገድ አለ፤ ግን ወላጅ ካልተከታተለ አይሆንም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ያላችሁ፣ ፈረንሳይኛውን ዛሬውኑ እዚህ አስጀምሩት። ፒያሳ ያለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ፣ አሊያንስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ እዚህ ከተማ ውስጥ አለ። ልጃችሁ ሊሴ ገብረ ማርያም የሚማር ከሆነማ በጣም ቀሏችኋል። የፈረንሳይ ሥርዓተ ትምህርት በብዙ አገር ስላለ ካቆመበት መቀጠል ይችላል።

ስለ ግል ትምህርት ቤቶች አጭር ነገር ልበል። የጄኔቫ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1924 የተመሠረተ ነው። አይ ቢ የሚባለው ዓለም አቀፍ የትምህርት ፕሮግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው እዚያው ጄኔቫ ነው። ጥራታቸውን አልጠራጠርም። ክፍያው ግን በትልልቆቹ ክፍሎች በዓመት ከ30,000 የስዊዝ ፍራንክ ይበልጣል፤ ለአንድ ልጅ። ከውጭ ተቀጥሮ የሄደ የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ የትምህርት ድጎማ አለው፤ ሙሉውን ግን አይሸፍንም። ኮንትራት ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለሚሠሩ እናቶች አንድ ማሳሰቢያ። የአንደኛ ደረጃ ልጆች ረፋዱ 11፡30 ላይ ይለቀቁና ከቀኑ 1፡30 ላይ ይመለሳሉ፤ በእነሱ ሰዓት አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ረቡዕ ደግሞ ትንንሾቹ ጭራሽ ትምህርት የላቸውም፤ ከፍ ያሉት ጠዋት ብቻ ይማራሉ። የምሳ ሰዓት መዋያና መመገቢያ አለ፤ ግን ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። እዚያ አያት የለችም፣ አክስት የለችም፣ ሞግዚትም ውድ ናት። ይህን ሳያውቁ ሥራ የጀመሩ ሁለት ጓደኞቼ ሥራቸውን ለቅቀዋል። ቤት ስትመርጡ ከትምህርት ቤቱ ምን ያህል ይርቃል የሚለውን በእግር ለኩት። ስምንት ደቂቃና ሃያ አምስት ደቂቃ በቀን አራት ጊዜ ሲመላለሱበት ሌላ ኑሮ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልምጣ።

ጄኔቫ ቤት የለም። ማጋነኔ አይደለም፤ ከ100 ቤት አንዱ እንኳ ባዶ አይገኝም። ደላላ ጋ ደውሎ «ሦስት ቤት አሳየኝ» ማለት የለም። ቤቶቹን በአብዛኛው የሚያስተዳድሩት ሬዢ የሚባሉ ድርጅቶች ናቸው። ለአንድ ቤት ብዙ ሰው ያመለክታል። ሬዢው የሁሉንም ዶሴ አይቶ ይመርጣል።

ዶሴ ስላችሁ ገብቷችኋል። ቃሉ የእነሱ ነው፤ ከባቡሩ ጋር የመጣ ይመስል እኛም ለምደነዋል። ይህ ሰፈር ራሱ ስሙን ያገኘው ከላ ጋር፣ ከባቡር ጣቢያው ነው። እንግዲህ ዶሴያችሁ ውስጥ የሚገባው ይህ ነው። የሥራ ውል፣ የሦስት ወር የደሞዝ ማስረጃ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም መታወቂያ፣ ዕዳ እንደሌለባችሁ የሚገልጽ የመንግሥት ወረቀት። አዲስ ገቢ ስለሆናችሁ ደሞዙም ወረቀቱም ገና አይኖራችሁም። ያኔ መሥሪያ ቤታችሁ ደሞዛችሁን የሚገልጽ ደብዳቤ በፈረንሳይኛ እንዲጽፍ አድርጉ። ሬዢዎቹ ኪራዩ ከገቢያችሁ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይፈልጋሉ። ለዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የምትሄዱ ከሆነ ካጂ የሚባል የመቀበያ ማዕከል አለ፤ ቤት ፍለጋውን ያግዛል። ተጠቀሙበት።

ማስታወቂያ ስታነቡ ክፍል አቆጣጠሩን ልብ በሉ። እኛ «ባለ ሁለት መኝታ» እንላለን። እነሱ ክፍሉን ሁሉ ይቆጥራሉ። ጄኔቫ ላይ ደግሞ ማድ ቤቱም ይቆጠራል። ባለ 4 ክፍል ተብሎ የሚነገረው ሁለት መኝታ፣ ሳሎንና ማድ ቤት ነው። ያንኑ ቤት ሌላዋ የስዊዘርላንድ ከተማ ሎዛን ብትሄዱ ባለ 3 ይሉታል። ለእንዲህ ዓይነት ቤት ዛሬ ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ በወር ከ2,000 ፍራንክ በላይ ይጠየቃል።

ለመያዣ በሕግ ሊጠየቅ የሚችለው ቢበዛ የሦስት ወር ኪራይ ነው። ገንዘቡ በአከራዩ ኪስ አይገባም። በእናንተ ስም በባንክ ይታገዳል። ቤቱን ሳያሳይ «መጀመሪያ ላኩልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌባ ነው። አትላኩ። አንድ የማውቀው ወጣት ቤተሰብ እዚህ ሆኖ ልኮ የሁለት ወር ኪራይ ተበልቷል።

ቁልፍ ስትረከቡ ደግሞ የቤቱ ሁኔታ በዝርዝር ይጻፋል። በዚያች ሰዓት ደክሟችሁም ቢሆን እያንዳንዱን ጭረት፣ እያንዳንዱን የግድግዳ ቀዳዳ አጽፉ፤ ፎቶም አንሱ። እኛ ያላስጻፍነውን የወለል ጭረት ስንለቅ ከመያዣው ላይ አስከፈሉን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነበረ ጭረት ነው።

ብዙዎቻችሁ ድንበር ተሻግሮ ፈረንሳይ መኖር ይሻል እንደሆነ ጠይቃችሁኛል። ፌርኔ ቮልቴር ከተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሩቅ አይደለም። አንማስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ በባቡርም በትራምም ከጄኔቫ ጋር ተገናኝቷል። ኪራይ ይረክሳል፤ ቦታም ሰፋ ይላል። ሆኖም ሁለት ነገር አስቡ። የፈረንሳይ የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ልጆቻችሁ የሚገቡት በፈረንሳይ ሥርዓት ነው፤ እዚያ ግዴታው በ3 ዓመት ይጀምራል። ፌርኔ ያለው የመንግሥት ዓለም አቀፍ ሊሴ በሌሎች ቋንቋዎችም ክፍሎች አሉት፤ ለትልልቅ ልጆች ጥሩ አማራጭ ነው። ብዙ ዓመት ለመቆየት ያሰበ፣ ወረቀቱ የተስተካከለለት ቤተሰብ ቢያስበው አይጎዳም። ለሁለት ዓመት ከሆነ ግን የሁለት አገር ወረቀት ውስጥ አትግቡ።

ከዚህ ሳትነሱ የምትጨርሱት ነገር አለ። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃና የክትባት ካርድ አስተርጉሙ፤ የሚረጋገጠውን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡ። የልደት ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲገለበጥ አትሳሳቱ። ግዴታ ትምህርት የሚጀምረው እስከ ሐምሌ 24፣ በእነሱ ጁላይ 31፣ 4 ዓመት የሞላው ልጅ ነው። የአንድ ሳምንት ስህተት ልጁን አንድ ዓመት ሊያስቀረው ይችላል። ትምህርትም የሚከፈተው በነሐሴ አጋማሽ ነው። እኛ እንቁጣጣሽን ስንጠብቅ እነሱ ሳምንታት ተምረዋል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከሁሉም ይበልጥ የማስብበት ነው። ሴቷ ልጄ በሁለተኛው ዓመት በአማርኛ ስጠይቃት በፈረንሳይኛ መመለስ ጀመረች። መጀመሪያ ደስ አለኝ። አዲስ አበባ ስንደውል ግን እናቴን ማናገር አቃታት። እናቴ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ቀን በኋላ እራት በአማርኛ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ቆጠርን። አንድ ቀን «ለምን? እዚህ ማንም አይናገረውም» አለችኝ። በትራም ይዣት ሄጄ ከተማዋን እያሳየኋት ነገርኳት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚህ ከተማ ቆመው በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተናግረዋል። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቁ ነበር። ንግግሩን ያደረጉት ግን በአማርኛ ነው። ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝ። ዛሬ ከአያቷ ጋር ሠፈር ውላ ትመጣለች፤ የሰማችውን ወሬ ሁሉ እሷው ናት የምትነግረኝ።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ እንሂድ። ገና ያልፈረማችሁትን ኮንትራት ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ ከእናንተ እንጀምር። ዓመቱ የተጻፈበትን ገጽ አውጡልኝ።