ነጥቧን መስመሩ ላይ

እሺ፤ ቀይዋ በርታለች፣ እየቀዳ ነው። ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ተራው የመኪና ፍሪጅ ነበር። አውቃለሁ፣ ቃል ገብቻለሁ። ፍሪጁ ይቆየን። አንድ ፎቶ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል፤ እሱን ሳላወራ ስለ ኮምፕሬሰር ብጀምር ልቤ እዚያ አይሆንም።

ፎቶውን የላከው አድማጭ ነው። ላንድክሩዘር ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ነው ያነሳው። ታብሌቱ ከፊት ተሰቅሏል፣ ከኋላው ፓራብሬዛው፣ ከፓራብሬዛው ማዶ ጨው። ነጭ በነጭ። አፋር ውስጥ፣ ከበርሃሌ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሐመድ ኤላን አለፍ ሲሉ ያለው ሜዳ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ። ከፎቶው ጋር የመጣችው ጽሑፍ አንድ መስመር ናት፤ «ነጥቧን መስመሩ ላይ እንዴት ነው የማስቀምጣት?»

በቃ። ሰላምታ የላት፣ ምን የላት። እስካሁን አልመለስኩለትም። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እንዲያውም መልሱ መኖሩ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። እናንተ ፎቶውን አታዩትም፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ስክሪኑ ላይ ያለው ኦስማንድ የሚባለው የካርታ አፕ ነው። ሰማያዊዋ ነጥብ አለች፣ ታብሌቱ «እዚህ ነህ» የሚልባት፤ ቀይ መስመርም አለ፣ ሊሄድበት የተጫነው መንገድ። ነጥቧ ከመስመሩ በስተግራ ናት። ከታች ጥግ ባለው የርቀት መለኪያ ሲገመት ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። በነጥቧ ዙሪያ ያለው ፈዘዝ ያለ ክብ ግን ጠባብ ነው። ክቡ ጠበበ ማለት ታብሌቱ ሳተላይቶቹን በደንብ ይዟል ማለት ነው። ሰማዩ ወለል ባለበት ሜዳ ላይ ጂፒኤስ ቢሳሳት በጥቂት ሜትር ነው፤ 200 ሜትር አይሳሳትም። እንግዲህ መኪናው ያለው ነጥቧ ያለችበት ነው።

ሁለቱ ሲለያዩ ብዙ ሰው የሚጠረጥረው ነጥቧን ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። መስመሩ ስለማይነቃነቅ ይሆን? ደግሞ አፋር ላይ ሆኖ የማይነቃነቅ ነገር ማመን! በመስከረም 1998 ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተላቅቋል። ስምንት ሜትር። መሬቱ ሄደ፣ ካርታው ቁጭ አለ... ለማንኛውም ይሄ ሰውየው ካለበት ሩቅ ነው።

ነጥቧ የምትጠረጠርበት ጊዜ አለ፣ እሱን ሳልል አልለፍ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ አይፓድ ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ውስጡ የጂፒኤስ መቀበያ የለውም። የለውም! ያለው ሲም የሚቀበለው ዓይነት ነው፤ እሱ ደግሞ ሲም ባታስገቡበትም ይሠራል። ዋይፋይ ብቻ የሆነው ከተማ ውስጥ ያላችሁበትን የሚያሳየው በዙሪያው ያሉትን ዋይፋዮች አይቶ በግምት ነው፤ ከከተማ ስትወጡ ነጥቧ እዚያው ትቀራለች። አንዴ ከተገዛ መፍትሔው በብሉቱዝ የሚገናኝ የውጭ መቀበያ ነው፤ ጋርሚን ግሎ ወይም ባድ ኤልፍ። አንድሮይዶቹ ይለያያሉ፤ ዋይፋይ ብቻ ሆነውም ጂፒኤስ ያላቸው አሉ። ዝርዝሩ ላይ ጂፒኤስ ወይም ጂኤንኤስኤስ የሚል ካላያችሁ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሲሙን አውጡ፣ ዋይፋዩን ዝጉ፣ ደጅ ወጥታችሁ ጠብቁ። ደቂቃዎች ይፈጃል። ኔትወርክ ሲኖር ታብሌቱ የሳተላይቶቹን መገኛ ከኢንተርኔት ያመጣል፤ ሲጠፋ ከራሳቸው መስማት አለበት። አንዱ ሳተላይት የራሱን ለመናገር 30 ሰከንድ ይወስዳል፤ የሁሉንም ጥቅል ዝርዝር ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስለዚህ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ አብሩትና ኮፈኑ ላይ አስቀምጡት፤ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ይይዛል።

ዶሮው! ሰማችሁት? በየቀረጻው እየገባ ነውና ኪራይ ይክፈል ስል ትስቃላችሁ።

እሺ፣ መስመሩ። መስመሩ በጣም ቀጥ ያለ ነው። ረጅም ቀጥታ፣ ሹል መታጠፊያ፣ ሌላ ረጅም ቀጥታ። በመኪና ተኪዶ የተቀዳ ትራክ እንዲህ አይሆንም። ጨው ላይ እንኳ ሾፌር ይዋልላል፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ ይሸሻል። ቀጥ የሚለው በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ፣ ቀረጻው መሐል ላይ ተቋርጦ ከሆነ ነው፤ አንድሮይድ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ስክሪኑ ሲጠፋ አፑን ይዘጋዋል። የአፑ የባትሪ ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ ገደቡን አንሱለት። ሁለተኛው፣ ሰው ነጥብ በነጥብ በእጁ ያስገባው ከሆነ ነው። ይሄኛው በእጅ የገባ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ርቀቱና አቅጣጫው።

ጥግ ላይ ያለችው የኮምፓስ ቀስት ሰሜንን ወደ ግራ ታሳያለች። መኪናው ወደ ምሥራቅ እየሄደ ነው ማለት ነው፤ መስመሩ ደግሞ በቀኝ፣ ወደ ደቡብ ተገፍቷል። ይህንን ያህል ርቀት በዚህ አቅጣጫ ሲታይ የወረቀት ካርታ የነካ ሰው ወዲያው አዲንዳን ይላል። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የቆሙት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) ላይ ነው፤ ስሙ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ የመለኪያ ጣቢያ የመጣ ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው ደብሊውጂኤስ 84 በሚባል ሌላ መነሻ ነው። የወረቀቱን ቁጥር እንዳለ ታብሌቱ ላይ ካስገባችሁት ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ ወደ 100 ሜትር ደግሞ ወደ ምዕራብ ተንሸራቶ ይቀመጣል። ሜዳ ላይ ሲሆን ዓይን አይሞላም፤ ደጋ ላይ ግን አፋፉን ገደሉ ውስጥ ያስገባዋል።

ማስተካከያው ከጉዞ በፊት፣ ላፕቶፕ ላይ ነው። ኪውጂስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም ነፃ ነው። ነጥቦቹን ስታስገቡ ኢፒኤስጂ 20137 በሉት፤ የመነሻው መለያ ኮድ ነው፣ አዲንዳን ዞን 37 ማለት ነው። ስታወጡ 4326 አድርጋችሁ፣ የደብሊውጂኤስ 84 ኮድ ነው፣ በጂፒኤክስ ፋይል። መሐል ላይ የትኛውን ለውጥ ልጠቀም ብሎ ከጠየቃችሁ ለኢትዮጵያ የተባለውን ምረጡ። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ አዲስ አበባም፣ መቀሌም፣ ድሬዳዋም እዚያ ውስጥ ናቸው። ጅጅጋ ግን 38 ነው፣ ጋምቤላና አሶሳ 36፤ የኮዱም መጨረሻ አብሮ ይቀየራል። ከዚያ አንድ የምታውቁትን ድልድይ ወይም የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የሳተላይት ምስሉ ላይ አመሳክሩ።

አያችሁ፣ ይሄ መልስ ነው። ጽፎ መላክ ነበር። ግን ሰውየው የጠየቀው ይሄንን አይደለም። መስመሩ ለምን ተሳሳተ አላለም። ነጥቧን እንዴት ላምጣት ነው ያለው።

ነጥቧን ማምጫ ደግሞ አለ! ኦስማንድ ላይ፣ የፕሮፋይሉ የአሰሳ ቅንብር ውስጥ፣ ነጥቧን መንገዱ ላይ የምታጣብቅ ማብሪያ አለች። አንድ ጊዜ መንካት ነው። ለክፋት የተሠራች አይደለችም፤ ፎቅ በበዛበት ምልክቱ እየነጠረ ነጥቧን ሕንፃ ውስጥ ሲከታት፣ ካዛንቺስ ምናምን፣ መንገዱ ላይ ትመልሳታለች። ከተማ ውስጥ ጥሩ ነገር ናት። ጨው ላይ ግን... በ200 ሜትር ርቀት ላትስብ ትችላለች። ሰውየው ወደ መስመሩ እየቀረበ ሲሄድ ግን ቶሎ ብላ ትይዘዋለች፤ ያኔ ስክሪኑ ሁሉም ነገር ልክ ነው ይለዋል።

አሁን ከታብሌቱ በላይ ያለውን ላውራ። ፓራብሬዛው ውስጥ የጎማ ዱካ አለ። ቡናማ፣ ጥርት ያለ፣ ብዙ መኪና የሄደበት። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ነጥቧ ያለችው እሱ ላይ ነው። በስተቀኝ፣ መስመሩ የሚሄድበት ጨው ደግሞ ንጹሕ ነው። አንድ ዱካ የለበትም። ያምራል። ጨው ላይ ንጹሕ የሆነ ቦታ ላይ ላዩን ቅርፊት፣ ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ ከደጋ የወረደ ጎርፍ ተኝቶበት ቆይቶ ሲደርቅ ከላይ ብቻ ነው የሚጠነክረው። ላንድክሩዘር ከነጭነቱ ወደ 3 ቶን ነው። ቅርፊቱ ከተሰበረ በሆዱ ይተኛል። ከዚያ ጎማውን እስከ 18 ፒኤስአይ ማስተንፈስ፣ አካፋ፣ ረጅም ገመድ፣ ሁለተኛ መኪና። ሁለተኛው መኪና ደግሞ ዱካው ላይ መቆም አለበት፣ ሊረዳ ብሎ አጠገቡ ከመጣ ሁለት ናቸው የሚቀሩት።

እና መሪው። ደጋግሜ የማየው ይሄንን ነው። ፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ የመሪው ቁራጭ ይታያል፤ መሐሉ ላይ ያለው ምልክት ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ወደ ንጹሑ ጨው። አጉልቼ አየሁት። አሳንሼ አየሁት። ዘንበል ብሏል። ወይም መኪናው ቆሟል፣ ሾፌሩም መሪውን እንደዚያው ትቶታል፤ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። ከአንድ ፎቶ ይሄንን ሁሉ ማውጣት... (ሳቅ) እናንተም «እሱ ደግሞ ጀመረው» ትላላችሁ።

ባትሪው 11 በመቶ ነው፣ በነገራችን ላይ። ገመዱ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ተሰክቷል፣ የመብረቋ ምልክት ግን የለችም። ይሄ የታወቀ ነው። ኮረኮንች ላይ ያ ሶኬት እየተንገጫገጨ ይላቀቃል፤ ሳይላቀቅ ደግሞ ርካሹ ቻርጀር 5 ቮልት በ1 አምፔር ነው፣ 5 ዋት ማለት ነው፤ ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ የበራ ታብሌት ከዚያ በላይ ይበላል። ተሰክቶ ይሟጠጣል። ቢያንስ 30 ዋት የሚሰጥ፣ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚቀበል ግዙ፤ አይሱዙ ላይም ይሠራል። ገመዱን በ10 አምፔር ቫልቮላ አድርጎ በቀጥታ ከባትሪው የሚያመጣላችሁ ኤሌክትሪሽያን ካለ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ትድናላችሁ። ቫልቮላው ባትሪው ጋ ይሁን፣ ዳሽቦርዱ ጋ ሳይሆን፤ ገመዱ መሐል ላይ ተፍቆ ቦዲ ቢነካ የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ወይም ሶኬቱ ደህና ሆኖ ሙቀቱ ነው ቻርጁን ያቆመው። አፕል ለአይፓድ እስከ 35 ዲግሪ ብሎ ጽፏል። ዳሎል ላይ በፈረንጆቹ ከ1960 እስከ 1966 የተለካው የዓመቱ አማካይ 34.6 ነው። አማካዩ! ሌሊቱንም ጨምሮ! ሌሎቹም ታብሌቶች ብዙ አይርቁም። ሲግል መጀመሪያ ቻርጅ ያቆማል፣ ከዚያ ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ከዚያ ይዘጋል። ስለዚህ ፓራብሬዛ ላይ አትለጥፉት፣ የሚለጠፈው ጎማ ራሱ ሙቀት ላይ ይለቃል። ኤሲው ከሚነፍስበት ፊት ለፊት፣ በብሎን፤ ለታብሌት የመያዣው ኳስ ባለ አንድ ኢንች ተኩሉ ይሁን፣ የስልኩ ይወዛወዛል። ኤርባግ የሚፈነዳበት ቦታ አይሁን። የቆዳ ልብሱን አውልቁለት። ሲሙን ዝጉት፤ የሌለ ታወር ሲፈልግ ነው የሚግለው። በረዶ ሳጥን ውስጥ የምትከቱት ደግሞ አላችሁ፣ ስም አልጠራም፤ ሲወጣ ውስጡ ያልበዋል፣ ተዉ።

እትዬ ወደግራስ፣ መንገድ የምትነግረው የአፑ ድምፅ? ፎቶው ላይ ድምፅ የለም፣ ግን እርግጠኛ ነኝ እያወራች ነው። «ወደ ቀኝ ይታጠፉ፣ ወደ ቀኝ ይታጠፉ።» ለአንዴ ስሟ ተቀየረ።

እና... ለሰውየው ታብሌቱን ተውና ዱካውን ተከተል ልለው አሰብኩ። ጻፍኩት ሁሉ። ደለትኩት። ዱካውስ? ብዙ ዱካ ጨው የሚቆረጥበት ቦታ ይወስድና እዚያው ያልቃል። ሄዶ የሚጭን መኪና ነው ያወጣው፣ ወደ ሰውየው መድረሻ የሚሄድ አይደለም። የጥር ዱካ ደግሞ ለነሐሴ አይሆንም። ዱካም የሆነ ሰው መስመር ነው፣ ቀኑ ያልተጻፈበት። እዚያ አገር አስተማማኙ ከአካባቢው ይዛችሁት የምትሄዱት የአፋር መሪ ነው፤ እሱ ደግሞ ፎቶው ላይ አለ ወይስ የለም? የኋላ ወንበሩ አይታይም።

ፎቶው የተነሳው ረፋድ 5:40 ነው፣ ስክሪኑ ላይ ይታያል። መልእክቱ የደረሰኝ ማታ ነው። ኔትወርክ ያለበት ደርሷል ማለት ነው። በየት በኩል እንደደረሰ ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

20137ን እጽፍለታለሁ። እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም። ማብሪያዋን ነው እንጂ... ልንገረው? ባልነግረው ራሱ ያገኛታል፣ ቅንብር ውስጥ ናት፣ የተደበቀች አይደለችም። ብነግረው ደግሞ ለከተማ ብቻ እላለሁ። ለከተማ ብቻ። እሱ ደግሞ ከከተማ ሲወጣ ያጠፋታል ብዬ... እንዴት ነው የማምነው፣ እኔስ ራሴ ሁልጊዜ...

ቆይ፣ ስልክ ነው። አይ፣ እሱ አይደለም። እሺ፣ እንግዲህ፣ ፍሪጁ በሚቀጥለው፣ ካልሆነም...