175 ወሊድ እና አንድ ሌሊት

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ጅማ ውስጥ በማዋለጃ ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሲከነክነኝ ስለኖረ አንድ ቁጥር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ነው ተብሎ በየዕቅዱ የሚጠቀሰው መለኪያ በዓመት ለ175 ወሊድ አንዲት አዋላጅ ታስፈልጋለች ይላል። በቀን ሲታሰብ በየሁለት ቀኑ አንድ ወሊድ ግድም ይደርሳታልና ወረቀት ላይ ሥራው ቀላል ይመስላል። ምጥ ግን ተራ ይዞ አይመጣም።

አንድ የክረምት ሌሊት ከሰቃ በኩል በአምቡላንስ ሪፈር የተባለች እናት፣ ከከተማው በባጃጅ የደረሰች ሌላ፣ ቀድሞም አልጋ ይዛ የነበረች ሦስተኛ እናት በእኔ እጅ ነበሩ። ባልደረባዬ ደም የሚፈሳትን አራተኛዋን ይዛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታለች። መመሪያው የፅንሱ የልብ ምት በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው፣ በሁለተኛው ደረጃ በየ5 ደቂቃው ይደመጥ ይላል፤ አንዱ ማዳመጥ ብቻውን ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱ እናቶች እኩል መግፋት ሲጀምሩ ሦስተኛዋ ከመጋረጃው ማዶ «ሲስተር» እያለች ትጣራለች፤ እኔ ደግሞ ጓንት እየቀየርሁ ነው።

ደግነቱ ሁሉም በሰላም ተገላገሉ። ሲነጋ ግን የሦስተኛዋ ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥ መከታተያ ካርድ፣ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለው ቦታ ባዶ ነበር። እንዲህ ያለው ባዶ ቦታ ከርክክብ በፊት በግምት ሲሞላ አይቻለሁ፤ እኔም ሞልቼ አውቃለሁ፤ ይህን መናገር ያሳፍራል። የሰው ኃይል ጥያቄ የሚቀበረው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ካርዱ ሙሉ ከሆነ ሰው እንደጎደለ የሚያውቅ አይኖርም።

የሐኪም እጥረቱን ለማቃለል በአውሮፓውያኑ 2009 የተቀናጀ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ሲጀመር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር፤ ብዙ እናቶችም በእነዚህ ባለሙያዎች እጅ በቀዶ ሕክምና ወልደዋል። ይሁንና ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋት እናት የምትለየው ምጧን የሚከታተል ሰው አጠገቧ ሲኖር ነው። ስለዚህ መለኪያው በዓመት ሳይሆን በተረኛ ቢሰላ፣ በአንድ ሰዓት ስንት እናት አብራ ታምጣለች ተብሎም ቢጠየቅ እላለሁ።

ያን ቀን ባዶውን ቦታ አልሞላሁትም። «በዚህ ሰዓት ያዳመጠ ሰው አልነበረም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ኃላፊዬ አነበቡት፤ «ይህን እንዴት ትጽፊያለሽ?» አሉኝና ካርዱን ከፋይሉ ጋር አሰሩት።