ያ 45 ደቂቃ

እሺ፣ እየተቀዳ ነው። የአዳማ ነፋስም እንደተለመደው ሳይጋበዝ ገብቷል፣ ቻሉት።

ባለፈው ስለ አንድ ኮከብ ሳወራ የተውኩት ነገር አለቀቀኝም። ያ 45 ደቂቃ።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ራስል ሁልስ ፖርቶ ሪኮ በነበረው በአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ላይ ቁጥሮቹን ዘርግቶ ተቀምጧል። ያገኘው ፐልሳር ነው፣ ማለትም እየዞረ በየዙሩ የሬዲዮ ምት የሚልክ ጥቅጥቅ ያለ የሞተ ኮከብ። በሰከንድ 17 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ግን በለካው ቁጥር የምቱ ክፍተት ይለያያል። ስህተት ነው ብሎ አሰበ፤ ማንም ያስባል። ቴሌስኮፑ ኮከቡን የሚያየው በቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ክፍተቱ ሲለዋወጥ የሚያሳዩትን የሁለት ቀን መስመሮች ሲያስተያይ ቅርጻቸው አንድ ሆነ፣ የሁለተኛው ቀን ግን 45 ደቂቃ ቀድሟል።

ቆይ፣ እዚህ ጋ እንቁም። የኮምፒውተር ችግር ቢሆን በዚያው ሰዓት ይደገም ነበር። ከሰማዩ አዟዟር ቢሆን የሚቀድመው 4 ደቂቃ ነው። 45 ከየት መጣ? ፐልሳሩ ከሌላ ኮከብ ጋር እየተዟዟረ ነው፤ ምሕዋሩ አንድ ዙር የሚጨርሰው በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። በሐበሻ ነው በፈረንጅ እንዳትሉኝ፣ ርዝመት ነው! ሦስት ዙር 23 ሰዓት ከ15። ከ24 ቀንሱ።

ወደ እኛ ሲመጣ ምቱ ይጠጋጋል፣ ሲርቅ ይሳሳል፤ ክላክስ እያደረገ የሚያልፍ ባጃጅ በሉት። ክፍተቱ ወርዶ ወርዶ ሲመለስ በዓይኑ ያየው ደግሞ በእኛ መስከረም 6 ቀን 1967 ነው። ንጉሡ በቮልስዋገን ከተወሰዱ አራተኛ ቀኑ! ይሄን ለምን እንዳነሳሁት... ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግስት ነው። ምሕዋሩ የስበት ሞገድ፣ ማለትም ጉልበት ይዞ የሚሄድ የኅዋ ንዝረት፣ እየረጨ በዓመት 3.5 ሜትር ይጠብባል፣ የአንዱ ዙር ጊዜ በዓመት 76 ማይክሮሰከንድ ያጥራል። ይቺ ምን ትታያለች? ትጠራቀማለቻ፤ ያውም በዓመታቱ ካሬ። በ30 ዓመት ኮከቦቹ የሚቀራረቡበት ቅጽበት 39 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል።

ከአንስታይን ስሌት ጋር ያለው ልዩነት 0.2 በመቶ አካባቢ ነው። የሚከነክነኝ፣ ከዚያ በታች እንዳንወርድ የያዘን የምቱን ሰዓት የምንለካበት ጥራት አይደለም። እኛም ኮከቡም በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ እየዞርን ነው፤ ያን ለመቀነስ ርቀቱን በደንብ ማወቅ ያስፈልጋል፣ እሱ ነው የሌለን። የራሳችን ጉዞ ነው የሚያደናግረን ማለት... ምናልባት አጋነንኩት።

በፈረንጆቹ 2003 የተገኘው ድርብ ፐልሳር፣ ሁለቱም ኮከቦች ፐልሳር የሆኑበት ጥንድ፣ ይሻላል፤ ቅርብ ነው፣ በ2.4 ሰዓት ይዞራል፣ 0.013 በመቶ ድረስ ተፈትኗል። ግን ከሁለቱ የአንዱ ምት በ2008 ጠፋብን። ኮከቡ እዚያው አለ። ዛቢያው ስለሚዋልል ጨረሩ ከእኛ አለፈ፤ ይሄንንም የአንስታይን ንድፈ ሐሳብ ራሱ ይለዋል። እንግዲህ ያ መዋለል ዞሮ ይመልሰዋል፣ መቼ የሚለው ላይ ግን የጨረሩ ቅርጽ...