ዌልሽኛን ስንማር መሀል መንገድ ላይ እንዳንቀር

(በብሪታንያ፣ በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ለሚኖሩ የሐበሻ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)

እናቶቼና አባቶቼ፣ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ለአዲሱ ዓመት እንኳን አደረሳችሁ። ስለ ዌልሽኛ፣ ስለዚህ ስለምንኖርበት ስለ ዌልስ የገዛ ቋንቋ እንድናገር ስትጋብዙኝ ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ። ነገሩን አቅልዬ ግን አላቀርብላችሁም። ቋንቋው ያለፋል፤ ልፋቱ ግን አያስቆጭም።

አብዛኞቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቀዋለሁ። «እንግሊዝኛው ራሱ መች አለቀልንና!» ትላላችሁ። የቤት ኪራይ አለ፣ የሌሊት ፈረቃ አለ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጣጣ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለምና መልስ ይገባዋል።

የመጀመሪያው መልስ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ዌልስ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለ ማንኛውም ተማሪ እስከ 16 ዓመቱ ድረስ ዌልሽኛ ይማራል (የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ልጆቻችሁ መዝሙሩን፣ ቁጥሩን፣ ሰላምታውን ይዘው ይመጣሉ። ቤት ውስጥ ምላሽ የሚሰጣቸው ከሌለ እዚያው ደብተራቸው ላይ ይቀራል። ይህን እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን፤ ልጆቻችንን በአማርኛ ጠርተን በእንግሊዝኛ «ምን?» ሲሉን የምንውል ሰዎች ነን። የዌልስ ወላጆችም ይህን ሐዘን ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። በ1911 ዌልሽኛ የሚናገረው ሕዝብ ወደ 977 ሺህ ይጠጋ ነበር፤ ከአገሩ ነዋሪ 43.5 በመቶ ማለት ነው። በ2021 ቆጠራ 538 ሺህ 300 ሆኗል፤ 17.8 በመቶ። የዌልስ መንግሥት በ2017 ባወጣው ዕቅድ ተናጋሪውን በ2050 አንድ ሚሊዮን ለማድረስ አስቧል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከትምህርት ቤት እንደሚወጣ ይታሰባል። ልጅ ብቻውን ግን ቋንቋ አያኖርም። የሚያናግረው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መልስ ሥራችሁ ላይ ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ አረጋውያንን የምትንከባከቡ ናችሁ። የመርሳት በሽታ የያዘው ሰው ኋላ የተማረው ቋንቋ ከእጁ ሊወጣና አፉን የፈታበት ብቻ ሊቀርለት እንደሚችል በዓይናችሁ አይታችኋል። ዌልሽኛ ተናግሮ ያደገ የሰማንያ ዓመት ሰው «ውሃ ስጡኝ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ማለት ሲያቅተው አስቡት። «ያመኛል» ማለት ሲያቅተውስ? ከ2012 ጀምሮ የዌልስ የጤናና የማኅበራዊ እንክብካቤ መመሪያ ታካሚው እስኪጠይቅ ሳይጠበቅ አገልግሎቱ በዌልሽኛ እንዲቀርብለት ያዛል። የሚያቀርበው ሰው ግን ያጥራል። እዚያ አልጋ አጠገብ ቆመን የምናድረው እኛ ስለሆንን፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብናውቅ እንኳ ለዚያ ሰው ትልቅ ነገር ነው። እናቶቻችን ባዕድ አገር አርጅተው በአማርኛ ወይም በትግርኛ ብቻ መናገር ቢጀምሩ ምን ዓይነት ሰው አጠገባቸው እንዲኖር እንደምንመኝ አስቡና ፍረዱ።

«በዚህ ዕድሜ?» ለሚል ደግሞ፣ ዌልስ ለአዋቂ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ግሪፊስ ጆንስ የተባለ ቄስ ከመንደር መንደር የሚዘዋወሩ ትምህርት ቤቶች አቁሞ ነበር። መምህሩ የእርሻ ሥራ በሚቀልባቸው የብርድ ወራት አንድ ቦታ ለሦስት ወር ያህል ይቀመጣል፤ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ያስተምርና ወደሚቀጥለው ያልፋል። ቀን ለማይመቸው አዋቂ የማታ ክፍል ነበረው። በእኛ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የምታስታውሱ ታላላቆቻችን፣ አያትና የልጅ ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ሲቆጥሩ ያያችሁ፣ ይህ ታሪክ አዲስ እንደማይሆንባችሁ እርግጠኛ ነኝ።

ሌላም ቅርብ የሆነ ነገር አለ። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ «ኡልፓን» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ፤ በ1984 እና በ1991 ከኢትዮጵያ የገቡ ወገኖቻችን ዕብራይስጥ የተማሩበት የተጠናከረ የአዋቂዎች ትምህርት ነው። ዌልሾች በ1970ዎቹ ይህንኑ ዘዴ ከስሙ ጋር ወስደው እዚሁ ካርዲፍ ዌልሽኛ ማስተማር ጀመሩ። በሳምንት አንድ ሰዓት እየተንጠባጠበ የሚሰጠውን ትተው በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ከሰዋስው ትንተና ይልቅ አፍን በማለማመድ አስተማሩበት። ዛሬ ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ብዙ አዋቂዎች በዚህ በር የገቡ ናቸው።

በሰሜን ምዕራብ፣ በሊን ባሕረ ገብ መሬት፣ ናንት ጉርሴይርን የሚባል መንደር አለ። የድንጋይ ማውጫው ሲዘጋ ሰዉ እየለቀቀ ሄዶ በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ባዶ ቀረ። በአካባቢው ይሠራ የነበረ ሐኪም፣ ዶክተር ካርል ክላውስ፣ ሕዝቡን አስተባብሮ መንደሩ በ1978 ተገዛ፤ ከ1982 ጀምሮ አዋቂዎች እዚያው እያደሩ ዌልሽኛ የሚማሩበት ማዕከል ሆኗል። ሐኪሙ ሥራ የጠፋበትን አካባቢና እየጠፋ የነበረውን ቋንቋ አንድ ላይ ነው የተመለከታቸው። እኔ ከዚህ አገር ታሪክ ይህን ያህል የማደንቀው ብዙ የለኝም።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ መግቢያ፣ መሠረት፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ ከዚያም «ግሎይዊ» የሚባለው፣ የያዙትን ማጥሪያ። በ2016 የተቋቋመው ብሔራዊ የዌልሽኛ መማሪያ ማዕከል ነው ትምህርቱን በመላ አገሪቱ የሚመራው። በአካልም በኢንተርኔትም ይሰጣል።

በመግቢያው ላይ ከእንግሊዞቹ የምንቀድምበት ነገር አለን። አንደኛ፣ ዌልሽኛ እንደ ፊደላችን የተጻፈው ይነበባል። 29ኙን ፊደል ድምፁን ከያዛችሁ ትርጉሙን ባታውቁም ጋዜጣ ጮክ ብላችሁ ማንበብ ትችላላችሁ፤ እንግሊዝኛ ይህን አይፈቅድላችሁም። ሁለተኛ፣ ጎሮሯችን ዝግጁ ነው። ትግርኛ ወይም ዓረብኛ የምትናገሩ «ኽ»ን አትቸገሩባትም፤ ተንከባላዩ «ር» የሁላችንም ነው። ሁለት ኤል ተደርቦ የሚጻፈው ድምፅ ብቻ አዲስ ነው። ምላሳችሁን ለ«ል» በምታስቀምጡበት ቦታ አድርጋችሁ ድምፅ ሳታወጡ አየር በጎን ልቀቁ። ጥቂት ቀን ተለማመዱት፣ ይመጣል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅማችሁ ነው፦ በእንግሊዝኛ በኩል ዞራችሁ አትሂዱ። እኛ «ዕዳ አለብኝ»፣ «ፍርሃት አለብኝ» እንላለን። ዌልሽኛም ዕዳውንና ፍርሃቱን በሰውየው ላይ ያደርጋቸዋል፤ «በእኔ ላይ» የሚለውም እንደ «አለብኝ» በአንድ ቃል ጫፍ ላይ ተጣብቆ ይመጣል። «ትመጣለህ?» ሲባል «እመጣለሁ» ብለን ግሱን እንደምንመልሰው፣ ዌልሾችም ለሁሉም የሚሆን አንድ «አዎ» የላቸውም፤ መልሱ የጥያቄውን ግስ ይከተላል። እንግሊዛዊው ተማሪ ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል። ለታላቅና ለማናውቀው ሰው አንድ ዓይነት፣ ለልጅና ለወዳጅ ሌላ ዓይነት አጠራር መኖሩንም ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ግን ይገለበጥብናል። እኛ ግሱን መጨረሻ እናደርጋለን፤ እነሱ መጀመሪያ።

ተማሪ ሁሉ የሚያማርርበት የቃል መጀመሪያ መለዋወጥ ነው። የዚህች ከተማ ስም ካይርዲዝ ነው። «ወደ» ሲቀድመው ጋይርዲዝ ይሆናል፣ «በ» ሲቀድመው ንግሃይርዲዝ፣ «እና» ሲቀድመው ኻይርዲዝ። ያስፈራል? እኛ ግን ከ«ሰበረ» ውስጥ ይሰብራል፣ ተሰባበረ፣ ስብራት፣ አሰበረ እያልን የምናወጣ፣ መዝገበ ቃላት ስንገልጥም ሥሩን ፈልገን የምናገኝ ሰዎች ነን። እዚህ የሚፈለገው የመጀመሪያዋን ፊደል ወደ ቀድሞዋ መመለስ ብቻ ነው። ደግሞም ብትስቱት ማንም ሳይረዳችሁ አይቀርም፤ ሰው በዚህ ምክንያት ትምህርት ሲያቋርጥ ማየት ያሳዝነኛል።

ዋናው ጭንቀቴ ግን መካከለኛው ደረጃ ነው፤ የመጣሁትም ስለ እሱ ልናገር ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ያለፈውን፣ የሚመጣውን፣ «ቢሆን ኖሮ»ን ተምሯል። ክፍል ውስጥ ቀስ ብሎ ሁሉን ይናገራል። ከዚያ ሱቅ ይገባል፣ በዌልሽኛ ይጠይቃል፣ በእንግሊዝኛ ይመለስለታል። ይህ ደጋግሞ ሲገጥመው ይደክመውና ይቀራል። ከአስቸጋሪ ሰዋስው ይልቅ ተማሪን የሚያስቀረው ይህ ነው።

ባለሱቁ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ መረዳት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ሊያግዘን ብሎ ነው። አንዳንዱ ፊታችንን አይቶ ዌልሽኛ ይችላሉ ብሎ አላሰበም፤ ይህን በግልጽ መናገር አለብን። ብዙው ግን በራሱ ዌልሽኛ የሚያፍር ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ዌልሽኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ እንጨት ይንጠለጠልበት ነበር። በ1847 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ቋንቋውን ለሕዝቡ ኋላ ቀርነትና ለግብረ ገብ ጉድለቱ ምክንያት አድርጎ አቀረበው። ይህ እፍረት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወርዷል። «የእኔ ዌልሽኛ ጥሩ አይደለም» የሚል አፉን በቋንቋው የፈታ ሰው ብዙ ታገኛላችሁ። ሲሸሽ የሚሸሸው እናንተን አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መማራችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ፤ «ዱ ኢን ደስጊ ክምራይግ»፣ ዌልሽኛ እየተማርኩ ነው በሉ። ለተማሪዎች የተዘጋጀውን ብርቱካናማ ባጅ ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ ያየ ሰው ቀስ ብሎ ያናግራችኋል። በእንግሊዝኛ ሲመልሱላችሁ እናንተ በዌልሽኛ ቀጥሉ፤ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከቀጠላችሁ አብዛኛው ይመለሳል። ከአዲስ ሰው ጋር የመጀመሪያውን ቀን በዌልሽኛ ጀምሩ፤ በእንግሊዝኛ የተጀመረ ወዳጅነት ቋንቋውን ለመለወጥ እጅግ ያስቸግራል። ብሔራዊው ማዕከል «ሻራድ» የሚባል መርሐ ግብር አለው፤ ተማሪንና አቀላጥፎ የሚናገርን ሰው አገናኝቶ ቡና እየጠጡ እንዲጫወቱ ያደርጋል። ቡና ማፍላት ለሚያውቅ ሕዝብ ከዚህ የሚመች ትምህርት አላይም። ጎረቤታችሁን ጥሩ፣ ሦስቱን ስኒ በዌልሽኛ ጠጡ።

ጆሯችሁንም መግቡት። የቢቢሲው ራድዮ ከምሪ ቀኑን ሙሉ በዌልሽኛ ይናገራል። ኤስፎርሲ የተባለው ቴሌቪዥን በኅዳር 1982 ሥርጭት የጀመረው፣ የብሪታንያ መንግሥት የዌልሽኛ ጣቢያ ለመክፈት የገባውን ቃል ሲያጥፍ ጉዊንቮር ኢቫንስ የተባሉ ፖለቲከኛ እስከ ሞት እጾማለሁ ካሉ በኋላ ነው፤ ሰው ሊሞትለት የተነሣን ጣቢያ ዛሬ ቤታችን ተቀምጠን ማየት እንችላለን። የሰሜኑና የደቡቡ አነጋገር ስለሚለያይ መጀመሪያ ላይ ግር ይላችኋል፤ «አሁን» የሚለው ቃል እንኳ ሁለት ነው። እኛ ያለነው ደቡብ ነውና የደቡቡን ያዙ፤ ሌላው በጆሮ ይለመዳል።

ከፍተኛው ደረጃ ላይ የምትማሩት የጽሑፉን ቋንቋ ነው። በመጽሐፍ ያለው ዌልሽኛና በመንገድ ያለው ብዙ ይራራቃሉ፤ የቤተ ክህነት አማርኛና የታክሲ ተራ አማርኛ እንደሚራራቁት። እዚያ የደረሰ ሰው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስብሰባ ላይ ይከራከራል፣ በዌልሽኛ ይቀጠራል፤ የ2011 ሕግ ለቋንቋው በዌልስ ይፋዊ ቦታ ስለሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሁለቱ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ለሚማር ዓመታት ይፈጃል። በተጠናከረው ክፍል ያጥራል።

አብዛኞቹ ትምህርቶች በመስከረም ወይም በጥር ይጀምራሉ። ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነጻ ነው፤ ለስደተኞችና ለጥገኝነት ጠያቂዎችም ነጻ ትምህርት አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ፣ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። ብቻችሁን አትመዝገቡ፤ ከቤተሰብ ወይም ከሥራ ባልደረባ አንድ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ ከክፍል ውጭ የምታናግሩት ይኖራችኋል። የፈረቃ ሠራተኞች የኢንተርኔቱን ክፍል ተመልከቱ።

በመካከላችሁ መሠረቱን ጨርሳችሁ መካከለኛው ላይ የቆማችሁ ጥቂት ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ከዚህ በኋላ ቡና አለ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ፣ እናንተም ኑ። እዚያ የምናወራው በዌልሽኛ ነው። አመሰግናለሁ።